ለስላሳውን ምት የሚሰማ ፓድ፦ የቤት ውስጥ ድራም ሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት 2፣ እሑድ

ዛሬ ጀመርኩ። ድራሜ በረንዳ ላይ ሸራ ለብሶ ከተቀመጠ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ድራም አይመታም። ግድግዳው የጎረቤትን ሳል ያሰማል፤ ስኔርን፣ ያንን ስል ድምፅ ያለውን ድራም፣ እንዴት ይችላል? ስለዚህ በጆሮ ማዳመጫ ብቻ የሚሰማ የኤሌክትሮኒክ ድራም በእጄ ልሠራ ነው።

ያለቀለት ከውጭ ማስመጣት ይቻላል፤ ዋጋው ግን ከአቅሜ በላይ ነው። ደግሞም ፓዱ፣ ማለትም በዱላ የሚመታው ክፍል፣ ውስጥ ያለውን ነገር ሳይ እችለዋለሁ ብዬ አመንኩ። ዋናዋ ዕቃ ፒዬዞ የምትባል ስስ የናስ ክብ ናት። ላይዋ ላይ ነጭ ሴራሚክ ተለጥፏል። ስትመታ ትንሽ ትጎብጣለች፤ ስትጎብጥ ኤሌክትሪክ ታመነጫለች። ለጠንካራ ምት ብዙ፣ ለቀላል ምት ጥቂት። ያንን አንድ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ይለካና «ስኔር ተመታ፣ በዚህን ያህል ጉልበት» ብሎ ለላፕቶፑ ይነግረዋል። ድምፁን የሚያወጣው ላፕቶፑ ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ፈተና አስቀመጥኩ። ፓድ ሲባል ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ዱላ መቻሉን ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ችክችካ የመታ ሰው ያውቀዋል፤ ስድስቱ ምት እኩል አይመታም። ሁለቱ ይጠነክራሉ፣ የቀሩት በሹክሹክታ ያልፋሉ። ሹክሹክታው ከጠፋ የሚቀረው ኳኳታ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ፓድ የማቀርበው ጥያቄ ይኼ ነው፦ በጣቴ ጫፍ ነካ ሳደርግህ ትሰማኛለህ ወይ?

ጥቅምት 4

ከሥራ ስወጣ በምናለሽ ተራ በኩል አለፍኩ። ሁለት ያረጀ የመኪና ካላማዳሪያ፣ የካርቶን ማሸጊያ የነበረ ጠጠር ያለ ስፖንጅ፣ የኮምፔርሳቶ ቁርጥራጭ። ከኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ደግሞ ፒዬዞ፦ ባለ 27 ሚሊሜትር አሥር፣ ባለ 35 ሚሊሜትር አሥር። በቀላሉ ስለሚሰበሩ ተረፍ አድርጎ መግዛት ይሻላል።

ጥቅምት 9፣ እሑድ

የመጀመሪያው ፓድ አለቀ። ሁለት 25 ሳንቲሜትር ክብ ኮምፔርሳቶ፣ መሃላቸው ስፖንጅ፣ ላይ በማስቲሽ የተለጠፈ ካላማዳሪያ። ፒዬዞዋ ከላይኛው እንጨት ሥር።

ሽቦውን መበየድ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ጥቁሩ ናሱ ላይ፣ ቀዩ መሃል ያለው ነጩ ላይ። ናሱ ሙቀት ይችላል። ነጩ ላይ ግን ካውያው ከአንድ ሰከንድ በላይ መቆየት የለበትም። ከቆየ ላዩን የሸፈነው የብር ቅብ ይላጣል፤ ከዚያ እርሳሱ ምንም ቢደረግ አይዝም። መጀመሪያ ሽቦውን ለብቻው እርሳስ አስይዤ፣ ከዚያ ነካ አድርጌ አነሳሁ። እንዲህ ሲሆን አንዲት አብረቅራቂ ጠብታ ትቀራለች፤ የሰናፍጭ ፍሬ ታክላለች። ከሁለት ሙከራ በኋላ እጄ ለመደው።

አንዷን ፒዬዞ ግን አጣኋት። በሱፐር ግሉ ሙሉ ለሙሉ እንጨቱ ላይ አጣበቅኳት። አንድ ሰዓት ሠራችና ዝም አለች። ፈልቅቄ ሳያት ነጩ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አለ። መጉበጥ የሚገባትን ዕቃ ድንጋይ አድርጌያት ነበር። ሁለተኛዋን ባለ ሁለት ፊት ስፖንጅ ፕላስተር አድርጌ ለጠፍኳት። ደህና ናት።

ጥቅምት 10

ፈተናው። ሰሌዳው የሚለካው ከ0 እስከ 1023 ነው። በዱላ ጠንክሬ ስመታ 1023 ላይ ይደርስና ይቆማል። በጣት ጫፍ ስነካው 18። ችግሩ እዚህ ጋ ነው። እኔ ወለሉ ላይ ስራመድ 15 ያነባል። ሰሌዳው «ከዚህ በታች ያለው ምት አይደለም» የሚልበት መነሻ ልክ ያስፈልገዋል። ከፍ ካደረግኩት ለስላሳው ምት ይሞታል፤ ዝቅ ካደረግኩት እርምጃዬ ድራም ይሆናል።

ሌላም አለ። ግማሽ ሰዓት ከመታሁ በኋላ አንጓዬ ያዘኝ። እንጨት ላይ የተለጠፈ ስስ ጎማ ያው እንጨት ነው። ይኼ የቆየ ችግር መሆኑን አውቃለሁ። ሲሞንስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጣው ኤስዲኤስ ፋይቭ የተባለው የኤሌክትሮኒክ ድራም ባለ ስድስት ማዕዘን ፓዶቹ ዓለምን አዳርሰዋል። የዚያን ዘመን ክሊፖች ያየ ሁሉ ያስታውሳቸዋል። ፊታቸው ግን ጠንካራ ፖሊካርቦኔት ነበር፤ መቺዎቹ አንጓችን አለቀ ብለው አማረሩ። ኩባንያውም በኋላ ፊቱን ወደ ጎማ ቀየረው። የጃፓኑ የሙዚቃ መሣሪያ ኩባንያ ሮላንድ እ.ኤ.አ. በ1997 ከድራም ቆዳ አምራቹ ከሬሞ ጋር ሆኖ የመረብ ቆዳ ያለው ፓድ ሲያወጣ ነው ነገሩ የተለወጠው። መረብ ይለጠጣል፣ ዱላውን ይመልሳል፣ አየር ስለሚያሳልፍም አይጮህም።

ጎማውን ግን አልጥለውም። ለሲምባል፣ ለዚያ ለናሱ ሳህን፣ ይሆናል። ሲምባል ላይ እጅ እንደ ስኔር አይለፋም።

ጥቅምት 16፣ እሑድ

መረብ ፍለጋ። የአክስቴ ልጅ በኅዳር ከዱባይ ስትመጣ ሁለት እውነተኛ የመረብ ቆዳ ልታመጣልኝ ቃል ገብታለች። እስከዚያ እጄን አጣጥፌ መቀመጥ ስላልቻልኩ ባለ 10 ኢንች ቶሜ (መካከለኛው ድራሜ) ላይ ያገኘሁትን ሞከርኩ።

አጎበር፦ ሦስት እጥፍ አድርጌም ይረግባል። ለወባ ትንኝ እንጂ ለዱላ አልተሠራም።

የመስኮት መረብ፣ ያ ግራጫው የዝንብ መከላከያ፦ በመጀመሪያው ቀን ደስ ይል ነበር። ዱላው ይነጥራል፣ ድምፁም ትንሽ ነው። በሦስተኛው ቀን ዱላው ያረፈበት ቦታ ሸሸ፤ ክሮቹ ተለያይተው የጣት ቀዳዳ የምታክል ክፍተት ተፈጠረ። በእጅ ብቻ ቢመታ ግን ዓመት የሚቆይ ይመስለኛል። ጠቅልዬ አስቀመጥኩት።

ጥቅምት 25

ሰሌዳው ላይ ሰነበትኩ። ለጀማሪ የሚጠቅመውን ብቻ ልጻፍ።

ለእያንዳንዷ ፒዬዞ ጎን ለጎን አንድ ሜጋኦም ተከላካይ ይገባል። የተጠራቀመውን ኤሌክትሪክ ቶሎ የሚያፈሰው እሱ ነው። ካልተደረገ ንባቡ ከምቱ በኋላም ተንጠልጥሎ ይቀራል። ሁለተኛው ነገር ዳዮድ ነው። ፒዬዞ በዱላ ክፉኛ ስትመታ በአሥር የሚቆጠር ቮልት ልታወጣ ትችላለች። ሰሌዳው የሚችለው 5 ቮልት ነው። ዳዮዶቹ ትርፉን ያስቀሩታል። እኔ «ለሙከራ ነው» ብዬ ዘለልኳቸውና አንዷ የሰሌዳዬ መግቢያ ዝም አለች። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ዳዮድ ከዳቦ የረከሰ ዕቃ ነው።

መጀመሪያ አርዱዊኖ ኡኖ የተባለውን ሰሌዳ ነበር የያዝኩት። ይሠራል፤ ነገር ግን በዩኤስቢ በኩል ራሱን እንደ ሚዲ (የሙዚቃ መሣሪያና ኮምፒውተር የሚነጋገሩበት ቋንቋ) መሣሪያ አያስተዋውቅም፤ መሃል ላይ አስተርጓሚ ፕሮግራም ይፈልጋል። ፕሮ ማይክሮ ወደሚባለው ሰሌዳ ቀየርኩ። እሱን ላፕቶፑ ላይ ሲሰኩት ወዲያው የሙዚቃ መሣሪያ ሆኖ ይታወቃል። በሚዲ እያንዳንዱ ድራም ቁጥር አለው፦ ኪክ (በእግር ፔዳል የሚመታው ትልቁ ድራም) 36፣ ስኔር 38፣ የተዘጋ ሃይ ሃት (በፔዳል የሚገጥም ጥንድ ሲምባል) 42፤ ቁጥሮቹ በአብዛኛው ፕሮግራም ያው ናቸው። ጉልበቱ ከ1 እስከ 127 ነው።

ፕሮግራሙ የሚሠራው ሥራ ሲነገር ቀላል ነው። ንባቡ ከመነሻ ልኩ ሲያልፍ ወዲያው አይናገርም። 2 ሚሊሰከንድ ይጠብቅና ከፍተኛውን ንባብ ይይዛል፤ ምቱ ገና እየወጣ ስለሆነ። ከዚያ ይናገራል። ቀጥሎ ለ30 ሚሊሰከንድ ያህል ጆሮውን ይደፍናል፤ ፓዱ ገና ስለሚንቀጠቀጥ አንዱን ምት ሁለት አድርጎ እንዳይቆጥር። ይህን ጊዜ በጣም ካስረዘምኩት ፈጣን ጥቅልል (ተከታታይ ምት) ስመታ ምቶች ይዋጣሉ። 30 ለእኔ ልክ ሆኗል።

መጀመሪያ ላይ ግን ድምፁ ከእጄ ዘግይቶ ይመጣ ነበር። ፓዱን ወቀስኩ፣ ፕሮግራሙን ወቀስኩ። ጥፋቱ ላፕቶፑ ጋ ነበር። የድምፅ ባፈሩ፣ ማለትም ከማሰማቱ በፊት የሚያጠራቅመው የድምፅ መጠን፣ 512 ላይ ነበር፤ ይኼ ብቻውን ከ11 ሚሊሰከንድ በላይ ነው። ድራሙ 4 ሜትር ያህል ርቆ እንደሚሰማ ማለት ነው። 128 ላይ ሳደርገው ወደ 3 ሚሊሰከንድ ወረደ። ድራሙ እጄ ሥር ተመለሰ።

ኅዳር 2

ኪክ ሠራሁ። ቆሞ የሚመታ ኮምፔርሳቶ፣ ላዩ ላይ ጠጠር ያለ ስፖንጅ፣ ከዚያ ካላማዳሪያ። ከኋላው ባለ 35 ፒዬዞ። ሌሊት አራት ሰዓት ላይ በጆሮ ማዳመጫ እየመታሁ በሩ ተንኳኳ።

የሦስተኛ ፎቅ ጎረቤቴ እማማ ናቸው። ነጠላቸውን ተከናንበዋል።

«ልጄ፣ በዚህ ሌሊት ቡና የምትወቅጠው ለማን ነው?» አሉኝ።

ደነገጥኩ። አስገብቼ አሳየኋቸው። ፔዳሉን በእጄ ስጫን ላፕቶፑ ላይ ያለችው አረንጓዴ መብራት ብልጭ ስትል አዩ። «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ጭራሽ የሚሰማ አልመሰለኝም» አልኳቸው።

«ሥራህንስ ሥራ። ግን ያንተ ወለል የኔ ጣራ ነው» ብለው ወረዱ።

ሙቀጫ ማለታቸው ልክ ነበር። በአየር የሚሄደውን ድምፅ አጥፍቼዋለሁ። በኮንክሪት የሚሄደውን ግን ጭራሽ አላሰብኩትም። መዶሻው ኪኩን ሲመታ፣ ኪኩ ወለሉን ይመታል፤ እኔ ደግሞ ጆሮዬን ደፍኜ ስለምጫወት አልሰማውም። ሌሊት መምታት እስኪስተካከል ድረስ አቁሜያለሁ።

ኅዳር 7፣ እሑድ

መፍትሔው የቴኒስ ኳስ ነው። ከአንድ የቴኒስ አሠልጣኝ ዘንድ ነጠራቸው የደከመ 24 ኳሶች አገኘሁ። ሁለት ሰፊ ኮምፔርሳቶ። በእያንዳንዱ ላይ በትራፓኖ ኳሱ የሚቀመጥባቸው ጉድጓዶች ተቆፈሩ፤ ኳሱ ከ6 ሳንቲሜትር ተኩል በላይ ስለሆነ ቀዳዳውን 5 ሳንቲሜትር አደረግነው። ኳሱ ይገባል፣ አያልፍም። ኳሶቹን መሃል አድርገን እንጨቶቹን አጋጠምናቸው። ድራሙ ከነወንበሩ ላዩ ላይ ይቆማል። የላይኛው እንጨት የትም ቦታ ግድግዳ ወይም ወለል መንካት የለበትም። የእኔ ጥጉ ጋ ግድግዳውን ይነካ ነበርና ሁለት ጣት ገፋሁት።

ከዚያ ወንድሜን ኪኩን እንዲመታ አስቀምጬ እኔ ወደ እማማ ወረድኩ። ቡና ፈልቶ ነበር። ሁለታችንም ጣራ ጣራ እያየን ተቀመጥን። ወንድሜ ላይ ሆኖ ይመታል፤ በስልክ እየነገረኝ ነው። ጆሮዬን ጣል ሳደርግ አንድ የታፈነ ነገር አለ፤ ቡናው ሲንተከተክ ይሸፍነዋል።

«አሁን ድመት ነው የሚመስለው» አሉ። «ድመት ይሁን፤ ድመት እወዳለሁ።»

እስከ ሌሊት አራት ሰዓት ብቻ እንድመታ ተስማማን።

ኅዳር 12

ኅዳር ሲታጠን ነው። ሰፈሩ ሁሉ ጭስ ብቻ። መስኮት ዘግቼ ስሠራ ዋልኩ፤ ማታ የአክስቴ ልጅ ቆዳዎቹን ይዛ መጣች። ባለ 10 እና ባለ 12 ኢንች፣ ባለ ሁለት ድርብ መረብ። ገና በጣቴ ስነካቸው ከመስኮት መረቡ ጋር ያላቸው ልዩነት ታወቀኝ። ክሩ የተሸመነ ስለሆነ በብሎን ሲወጠር አይሸሽም።

ቶሞቼን አልበሳሁም። ውድ ዕቃዎቼ ናቸው። በርሜላቸው ውስጥ በራሳቸው ብሎን የሚያዝ የአሉሚኒየም ድልድይ ዘረጋሁ። ድልድዩ ላይ ክብ ሳህን፣ ሳህኑ ላይ ፒዬዞ፣ ፒዬዞዋ ላይ እንደ ጎጆ ጣራ የሾለ ስፖንጅ። የስፖንጁ ጫፍ መረቡን ከሥር ይነካዋል። ምቱ ከመረቡ ወደ ስፖንጁ፣ ከስፖንጁ ወደ ፒዬዞዋ ይወርዳል።

የሾጣጣው ቁመት ወሳኝ ነው። ካጠረ መረቡን አይነካውም፣ ለስላሳው ምት ይጠፋል። ከረዘመ መረቡን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ዱላው መሃል ላይ ጉብታ ያገኛል። ከበርሜሉ ከንፈር 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ከፍ ሲል ነው ጥሩ የሚሆነው። የፍራሽ ስፖንጅ ለዚህ አይረባም፤ ተጨፍልቆ ይተኛል። የካርቶን ማሸጊያው ስፖንጅ ግን ቆንጆ ነው። በምላጭ ሰባት ሾጣጣ ቀረጽኩ፤ ሦስቱ ብቻ ቀጥ ብለው ወጡ።

የጣት ጫፍ ፈተና፦ 62። በሙሉ ክንድ፦ 900 ገደማ። በሁለቱ መካከል ያለው ሰፊ ሜዳ ነው ጨዋታው። ስሜቱን ለመግለጽ ያስቸግረኛል። ለሁለት ዓመት ያልሰማሁት ያ ትንሽ የስቲክ ሹክሹክታ በጆሮዬ ተመለሰ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ችክችካ ብቻ መታሁ።

አንድ እንከን አለው። ትክክል መሃሉ ላይ ሲመታ ንባቡ ያለቅጥ ይዘላል፤ ሾጣጣው እዚያ ስላለ። ባለ 12ቱ ላይ ሾጣጣውን ከመሃል ወደ ጠርዝ፣ ወደ እኔ ራቅ ወዳለው በኩል ገፋሁት። ዱላዬ እዚያ አያርፍም። ተስተካከለ።

ኅዳር 14፣ እሑድ

ምርጫው ይኸው ነው። ስኔሩ ባለ 12ቱ መረብ፣ ቶሙ ባለ 10ሩ መረብ። ሃይ ሃትና ሁለቱ ሲምባል የካላማዳሪያ ፓድ። ኪክ እንዳለ። ገንዘብ የሚያንሰው ሰው ቢጠይቀኝ አንዱን መረብ ለስኔር ግዛ፣ ሌላው ሁሉ ጎማ ቢሆን ግድ የለም እለዋለሁ። እጅ የሚናገረው ስኔር ላይ ነው።

ሁሉም ፓዶች አንድ የብረት ማቆሚያ ላይ ስለተሰቀሉ ስኔር ስመታ ሲምባሉ አብሮ ይጮህ ነበር። በየመያዣው ላይ ካላማዳሪያ ጠቀለልኩ። ቀነሰ።

ኅዳር 21፣ እሑድ

ጽዮን ማርያም። ጠዋት ከእናቴ ጋር ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ። ከበሮው ሲመታ ዓይኔ ከመቺው እጅ አልነቀል አለ። ከበሮውን ከአንገቱ አንግቶ በሰፊው ፊት ያሳርፋል፤ በጠባቡ በኩል ያሉት ጣቶች ግን ብዙውን ጊዜ የሚዳስሱ እንጂ የሚመቱ አይመስሉም። ያ ዳሰሳ ግን ይሰማል። ከግቢው ዳር ሆኜ ይሰማኝ ነበር።

ቤት ስመለስ የዘረጋሁት ድራም አልበቃኝም። የከበሮ ፓድ እሠራለሁ። ሁለት ፊት ያለው፣ በእጅ የሚመታ። ቅርጹ ደግሞ ዓይኔ ሥር ነበር፦ የ20 ሊትር የቀለም ባልዲ። አፉ ሰፊ፣ ታቹ ጠባብ።

ኅዳር 28፣ እሑድ

የባልዲውን ታች በመጋዝ ቆረጥኩት። ብረት ቤት ሄጄ ከባለ 6 ፌሮ ሁለት ቀለበት አስጠቀለልኩ፤ ከሁለቱ ፊቶች ትንሽ ሰፋ ያሉ። ያን ያስቀመጥኩትን የመስኮት መረብ ሁለት እጥፍ አድርጌ በቀለበቶቹ ላይ አጠፍኩት። ሰፈራችን ያለው ጫማ ሰፊ በሰም ክር ዙሪያውን ሰፋልኝ። «ወንፊት ነው?» አለኝ። ከበሮ ነው ስለው መርፌውን አቆመና ቀና ብሎ አየኝ፤ ከዚያ ስፌቱን ይበልጥ አጠበቀው።

ሁለቱን ቀለበቶች እንደ ጠፍር በናይለን ገመድ እያመላለስኩ አሰርኳቸው። ገመዱን ስስበው ሁለቱም ፊት አብሮ ይወጠራል። የጥንቱ ሰው ነገሩን እንዴት አድርጎ እንዳሰበው የገባኝ ገመዱ እጄን ሲቆርጠኝ ነው፤ አንድም ብሎን ሳይኖር ሁለቱ ቆዳ አንዱ ሌላውን ይወጥረዋል።

ባልዲው ግን ጎበጠ። ፕላስቲክ ነው፣ የእንጨትን ያህል አይችልም። ገመዱን ፈትቼ ከውስጥ ሁለት የኮምፔርሳቶ ቀለበት አስገባሁበት። አሁን ቆመ።

ታኅሣሥ 3

ሰፊው ፊት ሦስት ፒዬዞ አለው፤ እጅ የትም ሊያርፍ ስለሚችል። በሦስት ማዕዘን አንድ ሳህን ላይ አስቀምጬ አንድ ላይ አገናኘኋቸው። ግራ የሚያጋባ ነገር ገጠመኝ። አንዱ ቦታ ስመታ 400፣ ከዚያ ጥቂት ሳንቲሜትር ራቅ ስል 30። ሾጣጣውን ቀየርኩ፣ ውጥረቱን ቀየርኩ፤ ምንም። ማታ በባትሪ ብርሃን ሳየው ከሦስቱ አንዷ ላይ ቀዩን ከጥቁሩ አለዋውጬ በይጄዋለሁ። ሁለቱ ሲገፉ አንዷ ትስባለች፤ ይጠፋፋሉ። ገልብጬ በየድኩት። አሁን ሰፊው ፊት ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ይሰማል።

ታኅሣሥ 5፣ እሑድ

የመጨረሻው ችግር ከሁሉም የከበደ ነበር። ሁለቱ ፊት የሚኖሩት አንድ ባልዲ ላይ ነው። ሰፊውን ጠንክሬ ስመታ 900፤ ጠባቡ ያልተመታው ደግሞ 140 ያነባል። የተለመደው መድኃኒት በፕሮግራም ነው፦ በ5 ሚሊሰከንድ ውስጥ ሁለቱም ከተሰሙ፣ የአንዱ ንባብ ከሌላው ሩብ በታች ከሆነ ጣለው። አደረግኩት። ጸጥ አለ።

ግን ጸጥታው አላማረኝም። በቀኝ እጄ ጠንክሬ፣ በግራ ጣቶቼ አብሬ ስዳስስ ዳሰሳው ተጣለ። ያ የጽዮን ለት ያየሁት ነገር ማለት ነው። ችግሩን በፕሮግራም ስደብቅ ለስላሳውን ምት አብሬ እየቀበርኩት ነበር።

ስለዚህ ወደ እጅ ሥራ ተመለስኩ። የፒዬዞዎቹን ሳህኖች ከባልዲው ላይ ነቅዬ በስፖንጅ ላይ አንጠለጠልኳቸው፤ ባልዲውን በቀጥታ እንዳይነኩ። ባልዲው ወገብ ላይ ከውስጥ የኮምፔርሳቶ ግድግዳ አቆምኩ፣ ጠርዙን በካላማዳሪያ አለበስኩ። ሦስት ምሽት ወሰደ፤ ከነዚህ አንዱን መብራት ጠፍቶ በሻማ ነው የሠራሁት። ከዚያ 140 የነበረው 35 ሆነ። ሩብ የነበረውን ልክ ወደ አንድ አሥረኛ አወረድኩት። አሁን ቀኜ ሲያሳርፍ ግራዬም ይሰማል።

ታኅሣሥ 8

ድምፁን ከእናቴ ከበሮ ቀዳሁ። በሰንበቴም በሠርግም ስትመታው ነው ያደግኩት። ሁለቱን ፊት፣ በአራት ዓይነት ጉልበት፣ ከዳሰሳ ጀምሮ እስከ ሙሉ መዳፍ። ማቀዝቀዣውን ነቅለን፣ በሩን ዘግተን፣ እሷ አንድ አንድ እየመታች እኔ እስኪሞት ድረስ እየጠበቅኩ። የሰፊው ፊት ድምፅ ምን ያህል እንደሚቆይ ያን ቀን ነው የሰማሁት።

ታኅሣሥ 12፣ እሑድ

እናቴን አስቀምጬ ባልዲውን ጉልበቷ ላይ አደረግኩላት። ጆሮ ማዳመጫውን ከነጠላዋ ሥር አስገባሁላት። መጀመሪያ በአንድ ጣት ነካችው። ላፕቶፑ ላይ የጉልበቱን ቁጥር አየሁ፦ 6። ከዚያ በታች የሰማ ፓድ እስካሁን አልሠራሁም።

ቀና ብላ አየችኝ። «የኔ ነው» አለች።

ከዚያ መምታት ጀመረች። ክፍሉ ውስጥ ያለው ድምፅ የመዳፏ ጠብ ጠብ ብቻ ነው፤ ከበሮው የሚሰማው ለእሷ ነው። ጥቂት እንደቆየች ማዳመጫ ማድረጓን ረሳችው መሰለኝ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ መዘመር ጀመረች። ወንድሜ ከወጥ ቤት መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ማጨብጨብም ጀመረ፤ ከበሮውን ሳይሰማ፣ እጇን እያየ።

መነሻ ልኩን 14 ላይ ትቼዋለሁ፤ አልነካውም። ነገ ባልዲውን ጨርቅ አለብሰዋለሁ። ቀይ ይሁን ብላኛለች።